ናስ፣ ዋይት ሜታል፣ ፕላስቲክ ወይስ ፕሪንት? የመጀመሪያውን የሎኮሞቲቭ ኪት ለምትገዙ

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ደወለ። «የባቡር ኪት ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ። ኪት ማለት በቁራጭ መጥቶ እቤት የሚገጣጠም ትንሽ የባቡር ሞዴል ነው፤ ሎኮሞቲቭ ደግሞ ፉርጎውን የሚጎትተው ራሱ። ስንት ልታወጣ አስበሃል ስለው የሳጥኑን ዋጋ ነገረኝ። ብዙዎቻችን የተሸወድነው እዚሁ ላይ ነው። የሎኮሞቲቭ ኪት ሳጥን ውስጥ ብዙ ጊዜ ሞተር የለም። ጊር የለም። መንኮራኩርም የለም። ዶሮ ወጥ ልሠራ ብሎ ገበያ ወጥቶ ዶሮዋን ብቻ ይዞ እንደ መመለስ ነው። ሽንኩርቱስ? ቅቤውስ?

እኔ የምኖረው እንግሊዝ ነው። እዚህ አገር ነገሩ ሥር የሰደደ ነው፤ ጡረታ የወጣ መሐንዲስም የአውቶቡስ ሹፌርም ማታ ማታ ጓዳው ውስጥ ሎኮሞቲቭ ሲገጣጥም ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የማወዳድረው የብሪታንያ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን ነው። መጠኑም በብዛት የሚሠራበት ኦኦ የሚባለው፣ ከእውነተኛው 76 ጊዜ ያህል የሚያንሰው ነው።

ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የቱ ያምራል?» ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ስሳሳት ምን እንደሚሆን ነው። መሳሳት አይቀርም። የመጀመሪያው ኪት ላይ የሆነ ነገር ጠምሞ ይለጠፋል። ያን ጊዜ ፈትቶ እንደገና መሥራት ይቻላል ወይስ አይቻልም?

ፕላስቲክ

የዳፖል ፕላስቲክ ኪቶች ከሁሉም ይረክሳሉ፤ ከ20 ፓውንድ በታች ይገኛሉ። ቅርጻቸው የቆየ ነው። ሮዝበድ የሚባል የአሻንጉሊት ፋብሪካ በፈረንጆቹ 1959 ኪትማስተር ብሎ ያወጣቸው ነበሩ። በ1962 ለሌላው ኪት ሠሪ ለኤርፊክስ አለፉ፣ ቆይተው ደግሞ ወደ ዳፖል መጡ። አሻንጉሊት ሠሪ ያወጣው ነገር ይህን ያህል ዕድሜ ማግኘቱ ይገርመኛል።

ችግሩ አይሄዱም። ለዕይታ የሚቀመጡ ናቸው። ሞተር ለማስገባት ከሌላ አምራች ሻንሲ መግዛት አለባችሁ፣ ሻንሲው ደግሞ ከኪቱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስህተትን በተመለከተ ደግሞ ፕላስቲክ ምሕረት የለውም። ማጣበቂያው ሁለቱን ክፍሎች አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል። ከደረቀ በኋላ መለያየት የለም፣ መቁረጥ እንጂ። ቢሆንም ሲበላሽ ሌላ ሳጥን መግዛት ኪስ አይጎዳም። ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቀለም ለመልመድ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

ዋይት ሜታል

ይህ በቅርጽ የፈሰሰ፣ ከቆርቆሮና ከሌሎች ለስላሳ ብረቶች የተቀየጠ ነው። በእጅ ሲይዙት ከበድ ይላል። ይህ ክብደት ትልቁ ጥቅሙ ነው፤ ከባድ ሎኮሞቲቭ ሐዲዱን ስለሚነክስ ብዙ ፉርጎ ይጎትታል። ጉድለቱ ውፍረቱ ነው። የሾፌሩ ክፍል ግድግዳ በእውነተኛው ላይ ስስ ላሜራ ሆኖ ሳለ እዚህ የአጥር ግንብ ይመስላል።

ዋይት ሜታል ብረትን በቀለጠ ስታኞ ከሚያያይዘው ካውያ ጋር አይዋደድም። የመጀመሪያ ኪቴ ላይ ለሬዲዮ የምጠቀምበትን ካውያ እንዳለ አስጠጋሁት። የጣሪያው ጥግ ዓይኔ እያየ ፈሰሰ። ለዚህ ሥራ ሙቀቱ የሚቀነስ ካውያና በ70 ዲግሪ የሚቀልጥ ልዩ ስታኞ ያስፈልጋል። ይህ ስታኞ ደግሞ ናስ ላይ በቀጥታ አይዝም፤ መጀመሪያ ናሱን በተራ ስታኞ መቀባት ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ ስንቱ ተማርሮ ትቶታል።

ጥሩው ዜና ይኸውና። በ70 ዲግሪ ስታኞ የተያያዘ ኪት የፈላ ውኃ ውስጥ ሲገባ ክፍል በክፍል ይፈታል። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ ስታኞው ከዚያ በፊት ይለቃል፣ ብረቱ ግን ምንም አይሆንም። ሌላ ሰው ጀምሮ ያበላሸውን ኪት በርካሽ ገዝታችሁ በዚህ መንገድ አዲስ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ስታኞው እርሳስ ስላለበት የምታበስሉበትን ድስት ግን እንዳትነኩ።

ናስና ኒኬል ሲልቨር

ሰው የሚፈራው ይህንን ነው። ሳጥኑን ስትከፍቱ ሎኮሞቲቭ አታዩም። በአሲድ ተበልተው የተቆረጡ ስስ ላሜራዎች፣ ጥቂት ሽቦና ብዙ ገጽ መመሪያ ብቻ። ዋጋውም ይከብዳል፤ ደህና ኪት ከ100 ፓውንድ በላይ ነው። እኔ ግን ካውያ መያዝ ለሚችል ሰው ከአራቱ የሚሻለው ይህ ነው ባይ ነኝ።

ምክንያቱም ናስ ይቅር ይላል። ጎን ለጎን የያዛችሁት ቁራጭ ከጠመመ ካውያውን መልሳችሁ ታስጠጋላችሁ፣ ይለቃል፣ ታቃናላችሁ። አሥር ጊዜ ቢሆንም ግድ የለውም። ማጠፊያው መስመር ላይ ላሜራው በግማሽ ስለተበላ በጣት ይታጠፋል፤ ቦዩ ወደ ውስጥ መግባቱን ብቻ አስታውሱ። ሪቬቶቹ፣ ማለትም ላሜራ የሚያያይዙት የምስማር ራሶች፣ ከጀርባ እንደ ነጥብ ተቀርጸዋል። በሹል ብረት ጫን ስትሉ ከፊት ብቅ ይላሉ። የግድግዳው ቅጥነት ወደ እውነተኛው ይጠጋል። ያ ቅጥነት ከፕላስቲክም ከዋይት ሜታልም አይገኝም።

በሁለቱ መካከል ከተጠየቅኩ ኒኬል ሲልቨርን እመርጣለሁ። ስሙ ብር ይበል እንጂ ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው። ከናስ ያነሰ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ ካውያው የነካው ቦታ ቶሎ ይግላል፣ ጎረቤቱ ያለው ክፍል ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ቀለሙ ቢላጥም ከሥሩ የሚታየው ብረት የሚመስል ግራጫ እንጂ ቢጫ አይደለም።

ከባዱ ነገር ቦይለሩ፣ ውኃው የሚፈላበት ክብ በርሜል ነው። ጠፍጣፋውን ላሜራ ጠቅልሎ ክብ ማድረግ ልምድ ይጠይቃል። አንዳንድ ኪት ተጠቅልሎ ይመጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ሌላው ችግር ክብደት ነው፤ ናሱ ቀላል ስለሆነ ውስጡን በእርሳስ መሙላት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ እኔ የሠራሁትን እንዳትሠሩ። የእርሳስ ፍሬዎችን ቦይለር ውስጥ አፍስሼ በነጩ የእንጨት ማጣበቂያ አያዝኳቸው። ማጣበቂያው ከእርሳሱ ጋር ቀስ ብሎ ይሠራል፣ እርሳሱ ያብጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ የቦይለሩ ስፌት ተከፍቶ አገኘሁት። ኢፖክሲ የሚባለውን ማጣበቂያ ተጠቀሙ፣ ወይም ቁርጥራጭ እርሳስ።

ፕሪንት

አዲሱ መንገድ ነው። በ3ዲ የታተመ የላይኛውን አካል ትገዛላችሁ፣ እንደ ሆርንቢ ወይም ባክማን ያለ ተገጣጥሞ ከሚሸጥ ሎኮሞቲቭ ሻንሲ ላይ ትደፉታላችሁ። ሞተሩም መንኮራኩሩም አብሮ አለ። በአንድ ቅዳሜ የሚሄድ ነገር ይኖራችኋል። ፋብሪካ ያላሰበውን ብርቅ ሎኮሞቲቭ የምታገኙትም በዚህ ነው።

ገጹ ላይ ግን የኅትመት መስመር ይቀራል፣ እሱን ማለስለስ አሰልቺ ነው፤ ስትፍቁት ሪቬቱም አብሮ ይሄዳል። ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ ጭንብል አድርጉ ወይም በውኃ እያረጠባችሁ ፍቁት። ደግሞ ይሰበራል፤ ወለል ላይ ከወደቀ አለቀ። በሱፐር ግሉ የተያያዘው ግን አንዳንዴ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ይሰባበርና ይለቃል። ከሁሉ በላይ የሚስማማው ሻንሲ ዛሬ ገበያ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ሻንሲው ከሌለ የገዛችሁት የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

ዶሮዋ ያለ ሽንኩርት

ወደ ጎደለው እንመለስ። ለናስና ለዋይት ሜታል ኪት ሞተር፣ ጊርና መንኮራኩር ሲደመሩ ከኪቱ ዋጋ ጋር ሊስተካከሉ ይችላሉ። እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

በተለይ መንኮራኩር። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በግራና በቀኝ ያሉት ማገናኛ ዘንጎች በ90 ዲግሪ ልዩነት መቆም አለባቸው። አንዱ አክስል ትንሽ ካፈነገጠ ሎኮሞቲቩ እንደ አንካሳ ያነክሳል። የማርኪትስ መንኮራኩር የሚገባበት አክስል ጫፉ አራት ማዕዘን ስለሆነ 90 ዲግሪው ራሱ ይመጣል። የአለን ጊብሰን መንኮራኩር ስስና ያማረ ነው፣ ግን በግፊት ነው የሚገባው፤ ልኩን የምታገኙት እናንተ ናችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጀመሪያውን ያዙ። ውበቱን በሁለተኛው ሎኮሞቲቭ ታመጡታላችሁ።

ጊር ስትመርጡ በጣቢያ ውስጥ ቀስ እያለ ፉርጎ ለሚገፋ 60 ለ1 አካባቢ (ሞተሩ 60 ጊዜ ሲዞር መንኮራኩሩ አንዴ)፣ ለመንገደኛ ባቡር 40 ለ1 አካባቢ ይበቃል።

ሌላው የሐዲድ ስፋት ነው። ኦኦ ትንሽ ውሸት አለበት። እውነተኛው ሐዲድ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በትክክለኛው ልክ ለ76.2 ሲካፈል 18.83 ይመጣል፣ የኦኦ ሐዲድ ግን 16.5 ብቻ ነው። ይህን የማይታገሡ ሰዎች 18.2 ላይ ይሠራሉ፣ ኢኤም ይሉታል። የባሰባቸው ልክ 18.83 ላይ፣ ፒ4 ብለው። ብዙ የናስ ኪት የሦስቱንም ስፋት መለያያ ቁራጭ ይዞ ይመጣል። ቤታችሁ ያለው ሐዲድ ከሱቅ የተገዛ ተራ ሐዲድ ከሆነ ኦኦውን ገጥማችሁ ሌላውን እርሱት።

እና ለማን ምን? ካውያ ይዞ ለማያውቅና ዘንድሮ የሚሄድ ነገር ለሚፈልግ፣ ፕሪንት በተዘጋጀ ሻንሲ ላይ። ብዙ ፉርጎ ማስጎተት ለሚወድና ውፍረቱ ለማያስጨንቀው፣ ያገለገለ ዋይት ሜታል እና የፈላ ውኃ። ከልጅ ጋር ለሚሠራ ፕላስቲክ። የደወለልኝ ወዳጄ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ከካውያ ጋር ኖሯል። ለእሱ ያልኩት ትንሽ፣ አራት መንኮራኩር ብቻ ያለው የኒኬል ሲልቨር ኪት ነው። ዘንጉ ባነሰ ቁጥር ራስ ምታቱ ያንሳል።

እሺ አለና ትንሽ ቆይቶ «የድሬዳዋውስ?» አለኝ። ልጅነቱ እዚያ ነው። የጅቡቲው አሮጌ መስመር 1000 ሚሊ ሜትር ስፋት ነበረው። በ87 ጊዜ ማነስ፣ ማለትም በኤችኦ፣ ይህ 11.5 ስለሚሆን በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይሠራል። ሆርንቢ በ2022 ያወጣው ቲቲ 120ም፣ ከእውነተኛው 120 ጊዜ የሚያንሰው፣ ሐዲዱ 12 ነው። ስለዚህ የቲቲ ሻንሲ ገዝቶ አካሉን በ87 መጠን ራሱ ሥሎ ማሳተም ይችላል። መንኮራኩሮቹ ትንሽ ያንሳሉ፣ እሱን በጎን በሚወርድ ሽፋን መደበቅ ይቻላል።

የኒኬል ሲልቨሩ ኪት እስካሁን አልተከፈተም። ወዳጄ አባቱ ከሎኮሞቲቭ ጎን ቆመው የተነሡትን ፎቶ በማስመሪያ እየለካ ነው። የአባቱ ቁመት 1 ሜትር ከ72 ነበር፣ የቀረውን ከዚያ ያሰላል።