ለቁንጭር የቱ ይሻላል፦ ቁስሉን ብቻ ማከም ወይስ ለመላ ሰውነት የሚሰጥ መድኃኒት?

ቁንጭር ከሚገኝባቸው ከኦቾሎ ወይም ከኩታበር ጉዞ ወደ ፒያሳ ከተመለሳችሁ ወራት በኋላ ጉንጫችሁ ላይ የማያምና አልድን ያለ እብጠት ከወጣ፣ ቁንጭር (የቆዳ ሌሽማኒያሲስ) ሊሆን ይችላል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው። እባካችሁ፣ «ብጉር ነው» እያላችሁ ቅባት አትቀያይሩ። መጀመሪያ ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ይመርመር።

ቁስሉን ብቻ ማከም፦ ሐኪሙ ቁስሉን ከነጠርዙ ነጭ እስኪሆን በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዘዋል። ያቃጥላል፣ ውሃም ይቋጥራል። አንዳንዴ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባል መድኃኒት እዚያው ጠርዙ ላይ ይወጋል። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ስለሆነ ከሜክሲኮ በዘነበወርቅ ታክሲ አለርት ሆስፒታል ደርሶ ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል። ጠይም ቆዳ ላይ ግን ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል።

ለመላ ሰውነት፦ ያው መድኃኒት በጡንቻ ወይም በደም ሥር፣ በየቀኑ እስከ 28 ቀን ይሰጣል። ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን (ፓንክሪያስን) ሊጎዳ ስለሚችል የደምና የልብ ምርመራ አይቀርም። የሥራ ፈቃዱም ቀላል አይደለም። ሚልቴፎሲን የሚባለው እንክብል ከመርፌው ይገላግላል፤ ግን ያስመልሳል፣ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ፅንስ ስለሚጎዳ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም።

ቁስሉ ትንሽና አንድ ሁለት ብቻ ከሆነ እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። አፍንጫና ከንፈር ከነካ፣ ከተሰራጨ ወይም የሰውየው በሽታ የመከላከል አቅም ከደከመ ሁለተኛው ይመረጣል። በሽታው የያዛችሁ ደቡብ አሜሪካ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ እዚያ ያሉ አንዳንድ የበሽታው ተውሳክ ዝርያዎች ቁስሉ ከዳነ ከዓመታት በኋላም አፍንጫና ጉሮሮን ያጠቃሉ።