የሰም ማተሚያው ቀዳዳ ለጎጃም ንብ ሰፊ ነው

ከባሕር ዳር ገበያ የተገዛው ይህ የአሉሚኒየም የሰም ማተሚያ፣ ማለትም ሰም ላይ የንብ እንጀራ ቀዳዳ ቅርጽ አትሞ ለዘመናዊ ቀፎ ፍሬም (እንጀራው ለሚሠራበት ክፈፍ) የሚሆን የሰም ቅጠል የሚያወጣው መሣሪያ፣ አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ማጠፊያው አይላላም፣ ሁለቱ ገጾችም በትክክል ይገጥማሉ። ችግሩ ቀዳዳው ላይ ነው። አሥር ቀዳዳ ጎን ለጎን ሲለካ 54 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ይህ የአውሮፓ ንብ ልክ ነው። የኢትዮጵያ ንብ ግን በአካል ታንሳለች። በ2011 እ.ኤ.አ. በሰውነት ልኬትና በዘረመል ጥናት ራሷን የቻለች ንዑስ ዝርያ፣ አፒስ ሜሊፌራ ሲሜንሲስ፣ ተብላ ተሰይማለች።

ከባህላዊ ቀፎ የሠራተኛ ንብ እንጀራ ቆርጣችሁ አሥር ቀዳዳ ለኩ፤ 48 አካባቢ ታገኛላችሁ። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ፦ 10 በ10 ሴንቲሜትር በሆነ አንድ ገጽ ላይ አንዱ ቀዳዳ 5.4 ሚሊሜትር ሲሆን 396፣ 4.8 ሲሆን ደግሞ 501 ቀዳዳ ይገባል። ንቦቹም የታተመውን ሰም እየፋቁ ጠማማ እንጀራ ይሠራሉ። ለመስከረም አደይና ኑግ መድረስ ያለባት ንብ በዚህ ጊዜዋን ስታባክን ማየት ያሳዝናል።

አዲስ ለሚገዛ አንመክርም፤ 4.9 ሚሊሜትር ያለውን ጠይቁ። ቀድሞ የገዛ ግን አይጣለው። ሙሉ የሰም ቅጠል ከማስገባት 3 ሴንቲሜትር ቁራጭ ከፍሬሙ ራስጌ ይለጥፍ፣ ሽቦውን ይወጥር፤ የቀረውን ንቦቹ በልካቸው ይሠሩታል። የፍሬሞቹም ርቀት፣ ከመካከል እስከ መካከል፣ ከ35 ወደ 32 ሚሊሜትር ይጥበብ።

ሰሙን ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጡ፤ 64 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከ85 ሲያልፍ ይጠቁራል። የማተሚያው ገጽ በሳሙና ውሃ ካልራሰ ቅጠሉ ይጣበቃል። ሞራ የተቀላቀለበት ሰም ደግሞ ቀፎው ሲሞቅ ይለሰልስና ከነማሩ ይወርዳል።