ዥዋዥዌያችንን ላደሱልን ጋሼ በያጁ ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሰላም የአራት ኪሎ፣ የቀበና፣ የፒያሳና የካዛንቺስ ወላጆች። ይህን ለመጻፍ ካሰብኩ ወር አልፎኛል። ዛሬ የልጆቼ ድምፅ ከታች በመስኮት ሲገባ ግን ከዚህ በላይ ማቆየት ከበደኝ።

የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትልቁ ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 4። ግቢያችን ውስጥ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ነበረን፤ አንዴ ከተተከለ በኋላ ግን ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም፣ እኛም ጭምር። ጥቅምት ላይ የዥዋዥዌው ሰንሰለት ከላይ ተላቆ ትንሿ ልጄ በአገጯ ሲሚንቶ ላይ ወደቀች። ሦስት ቦታ ተሰፋች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጥርሷም መንጋጋዋም ተርፏል። ኮሚቴው በማግስቱ መጫወቻውን በገመድ አጠረው፣ የግቢው ልጆችም ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ስልክ ማየት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ልጆቹን ይዞ መዞር ሆነ ሥራዬ። ለምትጠይቁኝ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቤተ መንግሥቱ ግቢ ያለው፣ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ ለልጅ ትልቅ ደስታ ነው፤ መጫወቻውም አንበሳውም አለ። መግቢያ ስለሚከፈልበት ግን እኛ ለልደትና ለበዓል አድርገነዋል። ወዳጅነት ፓርክ ሰፊ ነው፣ ልጅ እንደ ልቡ ይሮጥበታል፤ የ4 ዓመት ልጅ የያዘ ሰው ግን ከውኃው ዳር ዓይኑን መንቀል የለበትም። እንጦጦ ፓርክ አየሩ ነፍስ ያድሳል፣ ሹራብ ሳትይዙ ግን እንዳትወጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ለትንንሾቹ ይከብዳል። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። ግን ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አይጫወትም። ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ መክሰሱን ጎርሶ፣ በነጠላ ጫማ ወርዶ የሚጫወትበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ብረታ ብረት ቤቶችን ስንጠይቅ ሁለቱ «ይሄ አይጠገንም፣ አንሱትና አዲስ ግዙ» አሉን። የነገሩን ዋጋ ከግቢያችን አቅም በላይ ነበር። ጋሼን የጠቆመችን የአንደኛ ፎቅ ጎረቤታችን ናት፤ የእናቷን ቤት በር የሠሩት እሳቸው ናቸው። ድሮ ሥራ ቤታቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር፣ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ወደ ቀበና ዞረዋል። ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ጋሼ ብዬ ልቀጥል።

መጀመሪያ የመጡ ቀን መዶሻም ማሽንም አላወጡም። የተላቀቀውን መንጠቆ ከጥበቃችን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡና ጠሩኝ። «ነይ የኔ ልጅ፣ እዪው። ይሄ ያን ቀን የተሰበረ አይደለም፣ ዓመት ሙሉ ሲበላ የኖረ ነው።» አንደኛው ጎኑ ጣት ያክላል፣ ሰንሰለቱ ሲፋተግበት የኖረው ጎን እንደ ጥፍር ሳስቷል። ያንን መንጠቆ በየቀኑ ከሥሩ ቆሜ ልጄን ስገፋ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን አልወቀሱኝም፤ «አሁን አይተሻል፣ በየወሩ ታዪዋለሽ» አሉኝ።

ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። መንጠቆዎቹን ሁሉ አውጥተው ዥዋዥዌው የሚዞርበት ላይ ኩሽኔታ ገጠሙለት፣ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ። የበሰበሰውን ቱቦላሬ ቆርጠው በአዲስ ተኩት፣ ዝገቱን በግራይንደር አጽድተው አንቲረስት ቀቡት። የቡሎኖቹን ጫፍ ልብስ እንዳይዝ በክዳን ዘጉ። አንድ ላይ ተደርድረው የነበሩትን ሦስት መቀመጫዎች ሁለት አደረጓቸው፤ የመሀሉ ልጅ ከሁለቱም ጋር ይጋጭ ነበር። የሸርተቴውን ላሜራ ደግሞ ነቅለው ወደ ሕንፃው ጥላ አዞሩት፣ ምክንያቱም እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲመታው የልጅ ጭን ያቃጥል ነበር። የሸርተቴው መወጣጫ አጥር ላይ የነበረውን ክፍተት ለክተው መሀሉ ላይ አንድ ፌሮ ጨመሩበት። እኔ ለውበት መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ስለ መጫወቻ ደህንነት ሳነብ ከ9 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ክፍተት አደገኛ መሆኑን አወቅሁ። የልጅ ገላ ያልፍበትና ጭንቅላቱ ይቀረቀራል።

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። ብየዳው አልቆ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ከኪሳቸው ባዘቶ አወጡ፣ አዎ፣ እናቶቻችን የሚፈትሉትን ጥጥ። እያንዳንዱን ጠርዝና የብየዳ ጠባሳ በእሱ ዳበሱት። ጥጡ ክር ጥሎ የቀረበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርገው እንደገና ሞረዱት። «የኔ እጅ ደንዳና ነው፣ አይሰማውም። ጥጥ ግን እንደ ልጅ ቆዳ ነው» አሉኝ። አሥራ አንድ ቦታ ጠመኔ ነበር፣ ልጄ ቆጥሮታል።

መሬቱን በተመለከተ ደግሞ አንድም እርምጃ ወደ ኋላ አላሉም። ኮሚቴው ብር ለመቆጠብ ሲሚንቶው ይቅር ቢላቸው «እንግዲያው ዥዋዥዌውንም አልሰቅልም» ብለው ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ደግ አደረጉ። ሲሚንቶው በቀን ሠራተኞች ተፈነቀለ፣ በምትኩ አንድ አይሱዙ አሸዋ ተገለበጠ፤ ጥልቀቱን ራሳቸው በሜትር እየለኩ 30 ሳንቲ ሜትር አስሞሉት። ድመቶች እንዳይቆፍሩት ማታ ማታ ሸራ የሚያለብሱልንን ጥበቃችንንም በዚሁ አመሰግናለሁ።

ሂሳቡን ከየቤቱ አዋጥተን ከፈልን፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ደረሰኝ ተያይዞ ነው የተሰጠን። የተረፈውን ብር ራሳቸው መለሱ። ሥራቸው የፈጠነ አይደለም፣ እውነቱን ልናገር። በሳምንቱ መሀል ሌላ ሥራ ስላለባቸው ለግቢያችን ቅዳሜን ብቻ ነው የሰጡን፣ አንዱን ቅዳሜ ደግሞ ለቅሶ ገጥሟቸው ቀርተዋል፤ ያኔም በጠዋት ደውለው አሳውቀውናል። የሚቸኩል ሰው ይህን ይወቅ።

ኮንዶሚኒየም ግቢ፣ መዋዕለ ሕፃናት ወይም የሰፈር መጫወቻ ላላችሁ ሁሉ ከልቤ እጠቁማቸዋለሁ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ፈቅደውልኛል። እሳቸው እስኪመጡ ግን ዛሬ ማታ ውረዱና ቀና ብላችሁ የዥዋዥዌያችሁን መንጠቆ እዩት። ልጅ ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ሸርተቴ አትውረዱ፤ እግሩ ጠርዝ ይዞት በእናንተ ክብደት ሊሰበር ይችላል። ስካርፍና የገመድ ኮፍያ ያለው ሹራብም አስወልቁት።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎት ነግረውኛል። ትንሿ ልጄ ለሁለት ሳምንት ዥዋዥዌው አጠገብ አልደርስም ብላ ነበር። ትናንት ሰንሰለቱን በሁለት እጇ ይዛ «ይሄ የአባባ ነው?» አለችኝ። አዎ ስላት ወጥታ ተቀመጠች። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ክረምት ሳይገባ መጥቼ አየዋለሁ ያሉትን ግቢው በሙሉ እየጠበቀ ነው፣ ቡናው በእኔ።