የኤሌክትሪክ ዲስክ ፍሬን ፓተንት፦ የአሜሪካ ምርመራ ወይስ የአውሮፓ?

የፍሬን ዘይት የማይፈልግ ዲስክ ፍሬን እናስብ። ሞተር ጥርሶችን ያዞራል፣ ጥርሶቹ ብሎን ያዞራሉ፣ ብሎኑ የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ ይጫናል። ክፍሎቹ ለየብቻቸው የታወቁ ናቸው፤ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) መርማሪውን የሚያከራክረው አገጣጠማቸው ነው።

የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ከቀደሙት ሥራዎች ቅርቡን ይመርጣል፣ ልዩነቱን ይለያል፣ ልዩነቱ የሚፈታውን ቴክኒካዊ ችግር ይቀርጻል። ከዚያ የዘርፉ ባለሙያ እዚያ መፍትሔ ላይ «ይደርስ ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መድረስ ይችል ነበር ማለት ብቻ አይበቃም። ስለዚህ «ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የእጅ ፍሬኑ እንደያዘ ይቆያል» የሚል ውጤት ማመልከቻው ውስጥ ከመነሻው መጻፉ ትልቅ ጥቅም አለው።

አሜሪካ ውስጥ መለኪያው ልል ነው፤ ለአመልካቹ ግን ይከብዳል ባይ ነኝ። በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኬኤስአርና የቴሌፍሌክስ ኩባንያዎችን የፓተንት ክርክር ሲወስን ጉዳዩ (አጋጣሚ ሆኖ) የመኪና ፔዳል ነበር፦ በሚስተካከል የነዳጅ ፔዳል ላይ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰር መግጠም። አገጣጠሙ ለባለሙያ ግልጽ ነው ተብሎ ፓተንቱ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ የታወቁ ክፍሎችን አገጣጥሞ የሚጠበቀውን ውጤት ብቻ ያመጣ አመልካች መከራከሪያው ይሳሳል።

በአንድ ነገር ግን አሜሪካ ትራራለች፦ ፈጣሪው ራሱ ፍሬኑን ለሕዝብ ካሳየ በኋላ ለማመልከት 1 ዓመት አለው። አውሮፓ ውስጥ፣ ከጠባብ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ያሳየው ነገር ራሱ ማመልከቻውን ይጥልበታል።

እኔ ብሆን ሳላሳይ ለአውሮፓው ጥያቄ የሚመልስ ማመልከቻ ጽፌ አስገባለሁ፤ በ12 ወር የቅድሚያ መብት (የመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን እንዲቆጠርልኝ በሚያደርገው) ደግሞ አሜሪካን እጨምራለሁ።