ቦስ ዲኤስ-1፦ ስካና ፓንክ በአንድ እግር

በስካና በፓንክ ፍቅር የተለከፈ ወጣት ጊታሩን ከገዛ በኋላ ቀጥሎ የሚያነሳው ጥያቄ አይለዋወጥም፦ የትኛውን ፔዳል (በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ የሚለውጥ ሳጥን) ልግዛ? ሙዚቃው ራሱ ነው የሚያስጠይቀው። የጃማይካውን ስካ ከፈጣኑና ጩኸታሙ ፓንክ ሮክ ጋር የሚያጣምረው ስካ ፓንክ ከአንድ ጊታር ሁለት ጠባይ ይፈልጋል። ስንኙ ላይ ጥርት ያለ፣ አጭርና ደረቅ ድምፅ፤ አዝማቹ ላይ ደግሞ እንደ መጋዝ የሚያጓራ። የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው አምፕ ንጹሕ ድምፅ ላይ እንደተቀመጠ ይቆያል፤ ለውጡን የምታመጣው እግር ሥር ያለችው ብርቱካናማ ሳጥን፣ ዲኤስ-1፣ ናት።

የጃፓኑ ኩባንያ ቦስ ዲኤስ-1ን ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን እስካሁን ያመርተዋል። ፓንክ ለመጫወት ፔዳል ግዴታ አይደለም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እውነቱን ነው። የአሜሪካው የፓንክ ባንድ የራሞንስ ጊታሪስት ጆኒ ራሞን ድምፁን ያወጣው ከማርሻል አምፕ ከፍተኛ ጩኸትና ክሩን ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ ከሚመታው እጁ ነው። ያ መንገድ ግን ጎረቤት ለሌለው ሰው ነው። በዚያ ላይ እንዲያ የተከፈተ አምፕ ለስካው ስንኝ ንጹሕ ድምፅ አይሰጥም።

ፔዳሉ ብረት ለበስ ነው፤ ክብደቱ 400 ግራም አካባቢ ይሆናል። ከግራ ወደ ቀኝ ቶን (የድምፁ ውፍረትና ቅጥነት)፣ ሌቭል (የጩኸቱ መጠን)፣ ዲስት (የመዛባቱ መጠን) የሚሉ ሦስት ማዞሪያዎች አሉት። የጊታሩ ገመድ የሚገባው በቀኝ፣ ወደ አምፑ የሚሄደው በግራ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ አገላብጦ ይሰካና “ተበላሽቷል” ይላል።

ለፓንክ ዲስትን ከሩብ እስከ ሲሶ ብቻ ክፈቱት። አዲስ ገዢ መጀመሪያ የሚያደርገው ጥግ ድረስ ማዞር ነው። ክፍል ውስጥ ለብቻ ሲሰማ ደስ ይላል፤ ድራም ሲገባ ግን ምቱ ይጠፋል። ውስጥ ያሉት ዳዮድ የሚባሉ ሁለት ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች የድምፁን ጫፍ ይቆርጣሉ። ብዙ በተቆረጠ ቁጥር በጠንካራና በለስላሳ ምት መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል፤ መምቻው ክሩን ሲነካ የምትሰማዋ “ጫ” ትዋጣለች። ፓንክ እየሮጠ የሚመስለው ደግሞ በዚያች “ጫ” ነው። ቶን ከእኩሌታ ሲያልፍ ንብ ቆርቆሮ ውስጥ የታሰረ ይመስላል፤ ሩብ አካባቢ ጀምሩና ጊታራችሁ ድምፀ ወፍራም ከሆነ ትንሽ ጨምሩ።

ለሌቭል ቁጥር መስጠት አይቻልም። አምፑ ላይ ንጹሑን ድምፅ አስተካክሉ፣ ድራመሩ እየመታ ፔዳሉን አብሩ አጥፉ፣ ሁለቱ እኩል ሲሰሙ በጥቂቱ ከፍ አድርጉት። ድራም በሌለበት ያስተካከለ ሰው መድረክ ላይ ይታለላል፦ የስካው ምት ሹል ስለሆነ ዝቅ ብሎም ይሰማል፤ የተዛባው ድምፅ ግን ጫፉ የተቆረጠ ነውና ክፍል ውስጥ የጮኸው ያህል ከሲምባሉ ሥር አይጮኽም። አምፑ ራሱ መዛባት ከጀመረ ደግሞ ሌቭልን መጨመር ድምፁን ከማቆሸሽ በቀር ከፍ አያደርገውም።

በዲኤስ-1 ላይ የሚሰነዘረው ትልቁ ወቀሳ መካከለኛው ድምፅ ይጎድላል የሚል ነው። ወቀሳው ልክ ነው። የቶን ማዞሪያው የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ መንገድ ለይቶ መልሶ የሚያቀላቅል በመሆኑ፣ መሀል አካባቢ ሲቆም በ500 ኸርዝ ዙሪያ ጎድጓዳ ይተዋል። ጊታር ከባንድ መካከል ጎልቶ የሚሰማው ደግሞ በዚሁ በመካከለኛው ድምፅ ነው። ጊታር፣ ቤዝና ድራም ብቻ ባለው ባንድ ውስጥ አዝማቹ ሲደርስ፣ ሊፈነዳ የሚገባው ጊታር ወደ ኋላ የሸሸ ይመስላል። ያኔ ሌቭልን ማንሳት አይበቃም፤ አምፑ ላይ ሚድን (የመካከለኛውን ድምፅ ማዞሪያ) ከእኩሌታ በላይ አንሱ፣ ቤዝን ቀንሱ፤ የታችኛው ድምፅ የቤዝ ጊታሩ ድርሻ ነው።

የትንፋሽ መሣሪያ ባለበት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ትሮምቦንና ቴነር ሳክስፎን ድምፃቸው የሚወፍረው እዚያው ጎድጓዳው ዙሪያ ነው። መካከለኛ ድምፁ የጎላ ፔዳል ይዞ የገባ ጊታሪስት አዝማቹ ላይ ከትሮምቦኑ ጋር በአንድ በር ለመግባት ይጋፋል፤ ሁለቱም ይጮኻሉ፣ አንዱም አይለይም። ዲኤስ-1 በሩን ለትንፋሹ ለቆ ከላይና ከታች ያጅባል። ስካ ከመነሻውም እንዲህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው የጃማይካው ስካታላይትስ ውስጥ ዜማውን የሚመሩት ትሮምቦን፣ ትራምፔትና ሳክስፎን ነበሩ፤ ጊታሩ ምት ጠባቂ ነበር። ስለዚህ ሌላው የሚወቅስበት ጉድለት ትንፋሽ ላለው ባንድ ፔዳሉን የሚያስገዛ ምክንያት ነው እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1987 ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ እንደተመሠረተው ኦፕሬሽን አይቪ ያለ ቋሚ የትንፋሽ ክፍል መጫወት የሚፈልግ ግን የአምፑን ሚድ ማንሳት አይርሳ፤ አለዚያም መካከለኛ ድምፅ የሚያጎላ ሌላ ፔዳል ቢፈልግ ይሻለዋል።

አሁን ወደ እግሩ እንምጣ፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። አንድ-ና-ሁለት-ና-ሦስት-ና-አራት-ና ብለን ስንቆጥር የስካ ጊታር የሚያርፈው “ና” ላይ ነው። እግር በልማዱ ቁጥሩ ላይ መውረድ ይወዳል። “አራት” ላይ ከረገጣችሁ የመጨረሻዋ “ና” ተዛብታ ትወጣለች፤ አዝማቹ ከመድረሱ በፊት ምስጢሩ ይወጣል። አዲሱ “አንድ” ላይ ከረገጣችሁ ደግሞ የአዝማቹ የመጀመሪያ ኮርድ አናቱ ንጹሕ፣ ጅራቱ ቆሻሻ ይሆናል። ፍጥነቱ በደቂቃ 180 ምት ከሆነ፣ ከመጨረሻዋ “ና” እስከ “አንድ” ያለው ጊዜ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። ፔዳሉ ምላሽ የሚሰጠው ሲረገጥ እንጂ እግር ሲነሳ ስላልሆነ በዚያች ቅጽበት መድረስ ይቻላል፤ ግን ተረከዝ መሬት ላይ ሆኖ የእግር ጣቶች ፔዳሉ ላይ አስቀድመው መቀመጥ አለባቸው። ቀላሉ ዘዴ የመጨረሻዋን “ና” ጨርሶ መተው ነው። ድራመሩ እዚያ ላይ ስኔሩን ከሞላበት የጎደለችውን ምት ማንም አያስተውልም፤ እንዲያውም ዝምታዋ አዝማቹን ታከብደዋለች።

ፔዳሉን ሳያጠፉ ስካውን መምታትስ? አይሆንም። የስካ ኮርድ ብዙውን ጊዜ በቀጫጭኖቹ ሦስት ወይም አራት ክሮች ላይ ይያዝና እንደተመታ የግራ እጅ ጣቶች ክሩን ሳይለቁ ላላ ብለው ያፍኑታል። የሙዚቃው ግማሹ ያ ዝምታ ነው። ዲስቶርሽን (የድምፅ መዛባት) ሲኖር ዝምታውን “ሽሽ” የሚል ድምፅ ይሞላዋል፤ የኮርዱ ሦስተኛ ኖታም ከሌሎቹ ጋር ተጋጭታ ድምፁን ታደፈርሰዋለች። ፓንክ ሥርና አምስተኛ ኖታ ብቻ ያላቸውን ፓወር ኮርዶች የሚወደው ስለዚህ ነው። የጊታሩን ቮልዩም ቀንሶ ማጥራትም በዚህ ፔዳል ላይ ብዙ አያስኬድም፤ ድምፁ ይደክማል እንጂ በደንብ አይጠራም።

ሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበል ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ማግኔት) ያለው ጊታር ለስካው ጥርት ያለ ነው፤ ፔዳሉ ሲበራ ግን “እምም” ማለቱ አይቀርም። ዘፈኑ ድንገት ቀጥ በሚልባቸው ቦታዎች ይሄ ያጋልጣል። ክሩን ማፈን አያስቆመውም፤ ጉምጉምታው የሚመጣው ከፒክአፑ ነው። ለረዥም ዝምታ ፔዳሉን ማጥፋት ወይም የጊታሩን ቮልዩም መዝጋት ይሻላል። ሀምባከር (ጉምጉምታውን የሚያጠፋ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ያለው ሰው ይህ ጣጣ የለበትም።

ፔዳሉ የሚሠራው በአራት ማዕዘኗ የ9 ቮልት ባትሪ ነው፤ ከመርገጫው ፊት ያለውን ጥቁር ብሎን በእጅ ፈታ አድርጎ መቀየር ይቻላል። ኃይሉን የሚከፍተው በቀኝ በኩል የሚሰካው የጊታር ገመድ እንጂ መርገጫው አይደለም። ስለዚህ መብራቱ ቢጠፋም ገመዱ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል። አዳፕተር ከሆነ 9 ቮልት፣ መሀሉ ኔጌቲቭ የሆነ ይፈልጋል፤ ከመስካታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ ያለውን ምልክት እዩ፣ የተገላቢጦሽ የሆነም አለና።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ የአዳፕተሩ ቀዳዳ አጠገብና ከሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ኤሲኤ (ACA) የሚል ካለው የድሮ ነው፤ በዛሬው የ9 ቮልት አዳፕተር ለብቻው ሲሰካ መብራቱ ይደክማል፣ ድምፁም ይሳሳል። አልተበላሸም፤ ውስጡ የተሠራው ለድሮው 12 ቮልት አዳፕተር ነው። በባትሪ ሞክሩት። ሻጩ የቶሺባ ቺፕ ያለው ነው ብሎ ዋጋ ቢቆልል አትስሙት፤ ሰብሳቢዎች ይከራከሩበት እንጂ ከሦስት ትንፋሽና ከድራም ጋር ልዩነቱ አይሰማም። ይልቅ ሦስቱንም ማዞሪያዎች ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ኮሽ ኮሽ ካለ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፤ በኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ይለቃል። መርገጫውን ሃያ ጊዜ ያህል ርገጡ፤ አንዳንዴ በርቶ አንዳንዴ እምቢ የሚል ከሆነ የውስጥ ማብሪያው አልቋል፣ ለመቀየርም መበየጃ ይፈልጋል። በመጨረሻም የባትሪውን ቤት ከፍታችሁ የመያዣውን ቀጫጭን ሽቦዎች ተመልከቱ፤ ባትሪ ሲወጣና ሲገባ በኖረ ፔዳል ላይ ቀድመው የሚበጠሱት እነሱ ናቸው።