ጌሾ የለመደ ምላስና ሴራ ኔቫዳ ፔል ኤል

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። በደህና የደረሰ ሴራ ኔቫዳ ፔል ኤል ምሬት ለሚወድ ሰው በጣም ጥሩ ቢራ ነው፤ ምሬቱ፣ መዓዛውና የብቅሉ ጣፋጭነት አንዱ ሌላውን ሳይጫን አብረው ይሄዳሉ። ሙቀት ውስጥ የከረመው ግን ገንዘቡንም የሻንጣውን ቦታም አያወጣም። ጅማ የሚገባው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ስለሆነ፣ ቢራውን መገምገም ማለት የመጣበትን መንገድም አብሮ መገምገም ነው።

ቢራው እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቺኮ በምትባል ከተማ ይጠመቃል። ፋብሪካው ከመሥራቾቹ የአንዱ የኬን ግሮስማን ቤተሰብ ነው። አልኮሉ 5.6 በመቶ፣ ጠርሙሱ 355 ሚሊ ሊትር ነው። ምሬቱ 38 አይቢዩ ተብሎ ይመዘገባል፤ በአንድ ሊትር ውስጥ 38 ሚሊ ግራም ያህል ከሆፕ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ ከሚሰጠው ተክል አበባ) የወጣ መራራ አሲድ አለ እንደ ማለት ነው። በየግሮሰሪው የምንጠጣቸው ዓይነት ቀላል የላገር ቢራዎች በጥቅሉ ከ20 በታች ናቸው። ላገር ብቻ የለመደ ሰው የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲውጥ ፊቱን ቢያጨማድድ አይፈረድበትም። ጠላ የለመደ ሰው ግን አይደነግጥም።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት በተደጋጋሚ ይሰማል፤ «38 ከሆነ የጠላው ስንት ይሆናል?» የሚል። አይቢዩ የሚቆጥረው የሆፕን አሲድ ነው። የጌሾ ምሬት የሚመጣው ጌሾይዲን ከተባለው ከራሱ ውህድ ስለሆነ፣ በዚህ መለኪያ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም። ማወዳደር የሚቻለው በምላስ ነው፤ በምላስ ደግሞ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የጌሾ ምሬት ገና አፍ ሲገባ ይጀምርና ቶሎ አይለቅም፤ ከዋጡ በኋላም ድዱ ላይ የእንጨትና የቅጠል ጣዕም ትቶ ይቆያል። በወይራ የታጠነ ጋን ከሆነ ጭሱም ይጨመርበታል። የዚህ ቢራ ምሬት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የብቅሉ ጣፋጭነት፣ ቀጥሎ መዓዛው፣ ከዋጡ በኋላ ጉሮሮ አካባቢ ምሬቱ ይነሳል፤ ጥቂት ቆይቶም አፉን አድርቆ ይሄዳል። ቀጣዩን ጉንጭ የሚያስመኘው ይኸው መድረቁ ነው።

የልዩነቱ ምክንያት ምድጃው ላይ ነው። ጌሾ ሳይፈላ ውሃ ውስጥ ተጠንስሶ ቀናት እየቆየ ምሬቱን ይሰጣል። ሆፕ ግን እሳት ካላየ ምሬቱ በደንብ አይወጣም፤ ውስጡ ያለው አልፋ አሲድ ወደሚሟሟ መራራ አሲድ የሚለወጠው ከብቅሉ ውሃ ጋር ሲፈላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ። ሆኖም ረጅም ሲፈላ የሽታው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ይተናል። ስለዚህ ጠማቂው ሆፑን ከፋፍሎ ይጨምራል፦ መጀመሪያ የገባው ለምሬት፣ ማብቂያው ላይ የገባው ለመዓዛ። በዚህ ቢራ የመዓዛው ሥራ የካስኬድ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ኦሪገን ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበሬ የቀረበ የሆፕ ዝርያ። ብርጭቆው የብርቱካን ልጣጭ ሸተተኝ የሚል ሰው አልተሳሳተም፤ ቢራው ውስጥ ግን ጠብታ ብርቱካን የለም።

ጅማ ላይ ይህን ቢራ አስመስሎ ለመጥመቅ የሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው፤ አሲዱ በዚህ ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ፣ በባሕር ዳርቻ የተጻፈ የ60 ደቂቃ አሠራር እዚህ ምሬቱ የሳሳ ቢራ ያወጣል። ወይ ማፍያውን ማራዘም ወይ ሆፑን መጨመር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሆፑ ራሱ ነው። ተክሉ በደንብ ለማበብ ረጅም የበጋ ቀን ይፈልጋል፤ የእኛ ቀን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እምብዛም አይርቅም። የሀገራችን ቢራ ፋብሪካዎችም ሆፕ ከውጭ የሚያስገቡት በዋናነት ለዚህ ነው።

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ። ከመክፈት በፊት አንገቱን ይዞ ወደ አምፖል ማሳየት ጥሩ ነው። ከታች ቡናማ ነጭ፣ ስስ የሆነ ዝቃጭ ይታያል። ብልሽት አይደለም፤ እርሾ ነው። ይህ ቢራ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ በቀረው እርሾ ለሁለተኛ ጊዜ ይብላላል፤ ጋዙ የሚመጣው ከዚያ ነው። እርሾው የተረፈውን ኦክስጅን ስለሚጠቀም ቢራው ቶሎ እንዳያረጅም ይረዳል። ዝቃጩ በቅጡ እንዲረጋ ጠርሙሱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ቆሞ ይደር። አስተኝቶ ማስቀመጥ አተላውን በጎኑ ላይ ያስይዘዋል፤ ሲቀዳ ሁሉም አብሮ ይወርዳል። እንደ ጉሽ ጠላ ደፍርሶ መጠጣት ለሚወድ ጉዳት የለውም፣ ጣዕሙ ግን ወደ እርሾ ስለሚያደላ የካስኬድን መዓዛ ይሸፍናል።

በረዶ የሆነ ቢራ ማቅረብ እንደ ክብር ቢቆጠርም ለዚህ ቢራ አይሆንም። ቅዝቃዜው ሲበዛ መዓዛው ከብርጭቆው አይወጣም፣ ምላስም ይደነዝዛል፤ የሚቀረው ምሬቱ ብቻ ነው። ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ደግ ነው። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ላይ ከሆነ ከ15 ደቂቃ ያህል በፊት አውጥቶ ማቆየት ይበቃል። ብርጭቆው አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ የወይን ብርጭቆ ቢሆን ይመረጣል። ብርሌ አያገለግልም፤ አንገቱ ለአፍንጫም ለአረፋም ቦታ የለውም። ቅባት ትልቁ የአረፋ ጠላት ነው። የታጠበውን ብርጭቆ ውሃ አርከፍክፎ መፈተን ይቻላል፤ ውሃው እኩል ተንሸራቶ ከወረደ ንጹሕ ነው፣ እዚህም እዚያም ጠብታ ሆኖ ከተያዘ ቅባት ቀርቶበታል። የወጥ ሳህን በታጠበበት ስፖንጅ የታጠበ ብርጭቆ ይህን ፈተና አያልፍም።

አዘንብሎ እስከ ግማሽ፣ ከዚያ ቀና አድርጎ ሁለት ጣት አረፋ እስኪይዝ ይቀዳል፤ የመጨረሻው አንድ ሴንቲ ሜትር ጠርሙሱ ውስጥ ይቅር። ቀለሙ ከወርቅ ወደ መዳብ ያደላል። አረፋው ነጭና ደቃቅ ነው፤ በደህናው ጠርሙስ ቶሎ አይጠፋም። በእያንዳንዱ ጉንጭ ልክ የብርጭቆው ግድግዳ ላይ ቀለበት እየሠራ ይወርዳል፤ የሆፑ አሲድ አረፋውን አጠንክሮ ስለሚይዘው ነው። ጠጥተው ሲጨርሱ ቀለበቶቹን መቁጠር ከተቻለ ብርጭቆውም ቢራውም ደህና ነበሩ።

አቀማመሱ ላይ ጅማ ዕድለኛ ናት፤ ቡና መቅመስ ሙያ የሆነበት ከተማ ነው። ቡና ቀማሽ ከማንኪያው ከአየር ጋር ስቦ ፉት እንደሚለው ሁሉ ቢራውንም ትንሽ አየር አስገብቶ በአፍ ውስጥ ማንከባለል ያስፈልጋል፤ መዓዛው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ የሚወጣው ያኔ ነው። አንድ ልዩነት አለ፦ ቡና ቀማሽ ይተፋል፣ ቢራ ቀማሽ ይውጣል። የሆፕ ምሬት ከተዋጠ በኋላ ነውና የሚመዘነው፣ የተፋ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የቀመሰው። ቅምሻውም ከቡና በፊት ይሁን። አቦልና ቶና ተጠጥቶ ሳይቆይ የተቀመሰ መራራ ቢራ ላይ የሚሰጥ ፍርድ አይታመንም።

በደህናው ጠርሙስ አፍንጫ ላይ ቀድሞ የሚመጣው የግሬፕፍሩት ልጣጭ ነው፤ ተከትሎት የጥድ ሙጫ፣ ከሥሩ ቀለል ያለ የአበባ ሽታ። አፍ ውስጥ ብቅሉ የገብስ ቆሎና ጥቂት የተቃጠለ ስኳር ጣዕም አለው። ውፍረቱ መካከለኛ ነው። የኤል እርሾ እንደ ጠላ እርሾ በቤት ሙቀት አካባቢ የሚሠራ በመሆኑ፣ በቅዝቃዜ ከሚብላላው ላገር የማይገኝ ትንሽ የፍራፍሬ ለዛም ይሰጠዋል። ጉድለቱ መሃሉ ላይ ነው፤ ብርጭቆው ሲሞቅ የስኳሩ ጣዕም ጎልቶ ይወጣና ምሬቱን ያደበዝዘዋል። መጨረሻው ላይ ያለው ሩብ ብርጭቆ የመጀመሪያውን ያህል አይጥምም።

አሁን ዋናው ጉዳይ፦ የተበላሸውን ማወቅ። ጅማ ላይ በጣም የሚያታልለው የማር ሽታ ነው። ማር በሚወደድበትና በሚታወቅበት አካባቢ «ማር ማር ይላል» የተባለ መጠጥ ተመሰገነ ማለት ነው። በፔል ኤል ግን የማር ሽታ ብዙ ጊዜ የእርጅና ምልክት ነው፤ ኦክስጅን ብቅሉንና ሆፑን ሲለውጣቸው የሚመጣ። አብሮት የልጣጩ መዓዛ ጠፍቶ፣ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ሽታ ካለ፣ ምሬቱም ምላስ ላይ ሻካራ ሆኖ ከቀረ ጥርጣሬው አበቃ። ሙቀት ይህን ያፋጥናል፤ በየ10 ዲግሪው የእርጅናው ፍጥነት በግምት ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ይጨምራል። ሱቅ መደርደሪያ ላይ በ28 ዲግሪ ሁለት ወር የቆየ ጠርሙስ በፍሪጅ መንፈቅ ከቆየው ይልቅ ያረጀ ነው።

ሁለተኛው ብልሽት የብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃን የሆፑን አሲድ ሰብሮ ከሰልፈር ጋር ያገናኘውና ደስ የማይል ኃይለኛ ሽታ ይፈጥራል፤ ቡናማው ጠርሙስ ብዙ ይከላከላል እንጂ መስኮት ዳር ከዋለ አያድንም። መኮምጠጥ ግን በዚህ ቢራ ብርቅ ነው። የሆፕ አሲድ ጠላን ቶሎ የሚያኮመጥጡትን ዓይነት ባክቴሪያዎች ይገታል፤ ስለዚህ ከኮመጠጠ ቆርኪው አየር አስገብቷል ብሎ መድፋት ነው።

ዘመድ የሚያመጣ ከሆነ በጣሳ የታሸገውን ይምረጥ፤ ብርሃን አያስገባም፣ አይሰበርም። ከ100 ሚሊ ሊትር ስለሚበልጥ በእጅ ሻንጣ ወደ አውሮፕላን አይገባም፤ በልብስ ተጠቅልሎ በሚጫነው ሻንጣ መካከል ይቀመጥ። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚደርሰው ከአውሮፕላን ከወረደ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሻንጣ ቢራውን በአንድ ቀን ያስረጀዋል። በሌሊት የሚነሳ መኪና ውስጥ፣ ከእግር ሥር ቢሆን ይሻላል። ከመግዛት በፊት ደግሞ የታሸገበትን ቀን አንብቦ ከአራት ወር ያለፈውን መተው።

ከምግብ ጋር አልኮል፣ ምሬትና በርበሬ አንድ ላይ ሲገናኙ ማቃጠሉ ይጨምራል። ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎና ዳጣ ከዚህ ቢራ ጋር አይስማሙም፤ ምሬቱ እሳት ይሆናል። የሚስማማው ቅባት ያለውና ቅመሙ የለዘበ ነው። ሎሚ የተጨመቀበት የጊልጌል ግቤ ዓሣ ጥብስ ከሁሉም ይልቃል፤ ሎሚው የካስኬድን መዓዛ ያነሳዋል፣ ምሬቱ ዘይቱን ከምላስ ያጥባል። የበግ ጥብስም ያለ ቃሪያ ደህና ነው። ቃሪያው ካልቀረ አይብ ከጎን ይቅረብ። መጠኑንም ማሰብ ይገባል፦ አንዱ ጠርሙስ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል ይዟል፣ 5 በመቶ የሆነ የ330 ሚሊ ሊትር ላገር ግን 16.5 ነው። ሦስት ጠርሙስ ላገር የለመደ ሰው ሦስቱን በዚህ ቢራ ከቆጠረ ከሦስት ተኩል ላገር በላይ የጠጣ ያህል ነው።

38 የማይበቃው ካለ የዚያው ፋብሪካ ቶርፒዶ የተባለ ቢራ አለ፤ 7.2 በመቶ አልኮል፣ 65 አይቢዩ። ሙጫው ከልጣጩ ይበልጣል፣ ምሬቱም በጌሾ የጠነከረ ጠላ የሚመርጡትን አያሳፍርም። አንዱን ጠርሙስ ለሁለት ተካፍሎ፣ ከፔል ኤሉ በኋላ እንጂ በፊት አለመቅመስ፤ ቀድሞ ከተቀመሰ ፔል ኤሉ ውሃ ይመስላል።