በአንድ እጅ የማይከፈት ዕቃ አትግዙ

ልጃችን ዘጠኝ ወር ሞላት። ሰሞኑን ስልኬ ውስጥ ከመወለዷ በፊት ጽፈነው የነበረውን የዕቃ ዝርዝር አገኘሁትና ብቻዬን ሳቅኩ። 43 ነገር! ከዚያ ውስጥ በየቀኑ የምንነካው አሥር ቢሞላ ነው። የቀረው ቁም ሳጥን አጣቧል ወይ ለሰው ተሰጥቷል፤ አንዱማ እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አልወጣም። የመጀመሪያ ልጃችሁን እየጠበቃችሁ ከሆነ በእኛ ኪስ ተማሩ።

አሁን የሕፃን ዕቃ ሳይ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ እጅ ይሠራል ወይ? ሌላኛው እጅ ልጅ ይዟላ።

ይሄ የገባኝ በልብስ ነው። የሌሊት ልብሷን የገዛነው ከእግር እስከ አንገት ጠቅ ጠቅ እያሉ የሚዘጉ ቁልፎች ያሉት ነበር። ያምራል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልጅ እየጮኸች፣ አንድ ዓይኔን ብቻ ገልጬ ዳይፐር ቀየርኩና መቆለፍ ጀመርኩ፤ አንገቷ ጋ ስደርስ አንድ ቁልፍ ተረፈኝ። ለካ ከታች ጀምሬ አዛንፌዋለሁ። ፈትቼ እንደገና ቆለፍኩ፣ አሁንም ተረፈ። ባለቤቴ ከጨለማው ውስጥ «ተወው በቃ፣ እንደዛው ትተኛ» አለችኝ። በነጋታው ዚፕ ያለው ገዛን። ስትመርጡ ዚፑ ከታች ወደ ላይም የሚከፈተውን ፈልጉ፣ ዳይፐር ስትቀይሩ ደረቷ አይበርዳትም።

ሌላ ማንም ያልነገረኝ ነገር፤ የሕፃን ካናቴራ ትከሻው ላይ የተደራረበ እጥፋት አለው አይደል? እኔ ጌጥ መስሎኝ ነበር። ዳይፐሩ በጀርባ በኩል ሲያፈስ ልብሱን በጭንቅላት ሳይሆን ወደ ታች፣ በእግር በኩል ለማውለቅ ነው የተሠራው። ይህንን ያወቅኩት በጭንቅላቷ ካወለቅኩት በኋላ ነው። ዝርዝሩን ልተወው።

ዳይፐር ላይ አንድ ምክር ብቻ፤ አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን አሥር አካባቢ ይጨርሳል፣ ግን ትንሹን ቁጥር በብዛት አታከማቹ። ሳታስቡት ይጠባታል።

አልጋው ላይ በጣም ተሸውደናል። ሱቁ ውስጥ በሥዕል ላይ እንደሚታየው ነበር የተደረደረው፤ ትንሽ ትራስ፣ ዙሪያውን የሚታሰር ለስላሳ መከለያ፣ ጥግ ላይ አሻንጉሊት። ሁሉንም ገዛን። ሐኪማችን ሁሉንም አስወጣችን። ጠንከር ያለ ጠፍጣፋ ፍራሽ፣ የተወጠረ አንሶላ፣ ልጅ በጀርባዋ፤ አለቀ። ለስላሳው ነገር አፍና አፍንጫ ላይ ሊገጥም ይችላል። አሜሪካ እኮ ያንን ለስላሳ መከለያ በ2022 በሕግ እንዳይሸጥ አግዳለች። ያገለገለ አልጋ የምትወስዱ ከሆነ በፍርግርጉ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፤ ከ6 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ካሳለፈ ሰፊ ነው። የእኛ መከለያ አሁን እኔ ጡጦ ሳጠባ ወገቤን የምደገፍበት ሆኗል፣ ለዚያ ጥሩ ነው።

ከሁሉም የምወደው ማዘያው ነው፤ ደረት ላይ የሚታሰረው ማለቴ ነው። የመጀመሪያው አይመቸኝም ነበር፣ መቆለፊያው ጀርባ ላይ ትከሻና ትከሻ መሃል ስለሆነ ባለቤቴ ካልመጣች ልጄን ታቅፌ እጄን ወደ ኋላ እያወናጨፍኩ ኮሪደር ላይ እቆማለሁ። ቀየርነው። ወገብ ላይና ጎን ላይ የሚቆለፈውን ሱቅ ውስጥ ራሳችሁ፣ ያለ ሻጩ እርዳታ ልበሱት። ልጅ ስትገባበት ፊቷ ሊታያችሁ፣ አገጯ ደረቷ ላይ ሳይጣበቅ ሁለት ጣት ያህል ሊርቅ፣ ጉልበቷ ከመቀመጫዋ ከፍ ሊል ይገባል፣ ልክ እንደ እንቁራሪት። እኔ ይሄን ጽሑፍ ራሱ ግማሹን የጻፍኩት እሷ ደረቴ ላይ ተኝታ ነው።

ጋሪው ግን ያናድዳል። ትልቅ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ የቡና ኩባያ መያዣ ሳይቀር አለው። ሻጩ በሦስት ሴኮንድ አጥፎ አሳየን፤ በሁለት እጁ! ደግሞም በእግሩ እየረገጠ። እናንተ ስትገዙ ግራ እጃችሁ ላይ አምስት ኪሎ የሚሆን ነገር ይዛችሁ በቀኛችሁ እጠፉት። እምቢ ካለ ጥላችሁት ውጡ። ለጨቅላ ከሆነ ደግሞ መደገፊያው ሙሉ በሙሉ የሚጋደም ይሁን።

የመኪና ወንበር ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። እሱ ቶሎ እንዲከፈት ሳይሆን ጠበቅ እንዲል ነው የሚፈለገው። ፊቷ ወደ መኪናው ኋላ ይሁን፣ ወፍራም ጃኬት አውልቁላት፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን ቀበቶ በጣታችሁ ቆንጥጣችሁ ማጠፍ ከቻላችሁ ላላ ነው። ታሪኩን የማታውቁትን ያገለገለ ወንበር በነፃም አትውሰዱ፣ ግጭት አይቶ ሊሆን ይችላል። የመጠቀሚያ ጊዜ ገደብም አለው፣ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ተጽፏል።

የእርጥብ መጥረጊያ ማሞቂያ? ገንዘብ ማባከን ነው። የጨቅላ ጫማ? የት ልትሄድ ነው? ዲጂታል ቴርሞሜትር ግን ሳትወልዱ ግዙ። ከሦስት ወር በታች ያለ ልጅ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካሳየ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ወደ ሐኪም ነው። የሚወዛወዘው ወንበርም ገላችሁን እስክትታጠቡ ያገለግላል፣ ብቻ እንቅልፍ ከወሰዳት ወደ አልጋ ውሰዷት፤ ጭንቅላቷ ወደ ፊት ከወደቀ ትንፋሿ ሊዘጋ ይችላል።

ከካርቶኑ ያልወጣው ዕቃ ጎማ ያለው መለማመጃ ነው፣ ያ ልጅ ውስጡ ቆሞ የሚንከባለልበት። ወዳጃችን በስጦታ አመጣልን። ልጅን ቶሎ እንዲሄድ አያደርግም፣ ከደረጃ ላይ ግን ሊያንከባልለው ይችላል፤ ካናዳ በ2004 ሽያጩን ጭራሽ ከልክላለች። ለሌላ ሰው እንዳልሰጠው ህሊናዬ እምቢ አለኝ፣ እንዳልጥለው ወዳጃችን ቤት ይመጣል። ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጧል። ልጄ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ካርቶኑን ይዛ መቆም ለምዳለች።